ፍተሻው መሣሪያ ለማግኘት ነው ወይስ ገመና ለመግለጥ? ስለ ኪስ ቦርሳ ፍተሻ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወገናችን፣ በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ፈታሾች የመንገደኛን የኪስ ቦርሳ ከፍተው ወረቀቱን ቢያገላብጡ፣ ገንዘቡንም ቢቆጥሩ ቅር ሊለን እንደማይገባ የሚያስረዳ ረዘም ያለ ጽሑፍ አስነብበዋል። ጽሑፉን ላላገኘው አንባቢ ፍሬ ሐሳቡን ሳላዛባ ላስቀምጥ። እንደ ጸሐፊው አባባል፣ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ቦርሳው ቢከፈት የሚጎድልበት የለም፤ ቲኬት ቆርጦ ሰልፍ የገባ መንገደኛ ፍተሻውን ፈቅዶ ገብቷል፤ ምላጭም ሆነ እንደ ወረቀት የሳሳ ፈንጂ በቦርሳ ውስጥ ሊሸሸግ ስለሚችል እያንዳንዱን ኪስ ገልጦ ማየት ግድ ነው፤ በዚያውም ሐሰተኛ መታወቂያና የወንጀል ገንዘብ ቢያዝ ለሕዝብ ትርፍ ነው፤ ክፉ ፈታሽ ቢኖር እንኳ ከብዙ አንድ ነው፤ ከ1996ቱ የኮሞሮስ አደጋ በኋላ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን በፍተሻ የምናማርርበት አፍ ሊኖረን አይገባም። በመጨረሻም ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ መጓዝ ወንጀል እንደሆነ አስታውሰው አንባቢን ይመክራሉ።

እኔ ፍተሻ ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ምላጭ በኪስ ቦርሳ ሊገባ መቻሉንም አልክድም። ክርክሬ አንድ ነው። ፍተሻው የተፈቀደው አውሮፕላኑን ከመሣሪያና ከፈንጂ ለመጠበቅ ስለሆነ፣ መሣሪያ አለመኖሩ በተረጋገጠበት ቅጽበት የፈታሹም ሥልጣን እዚያው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ንባብ፣ ቆጠራና «ይህ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ሕግም ይጠይቃል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው የጀመሩት «የሚደብቀው የሌለው አይፈራም» ከሚለው ስለሆነ እኔም ከዚያው ልጀምር። ይህ አባባል ወንጀልንና ገመናን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። በአማርኛችን «ገመናዬን ሸፈነልኝ» ብሎ የሚያመሰግን ሰው «ወንጀሌን ደበቀልኝ» ማለቱ እንዳልሆነ ጸሐፊው ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። ልዩነቱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ካየሁት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአክስቴ ጋር ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ፣ በመጀመሪያ ከአንድ የአሜሪካ ከተማ ወደ ሌላው መብረር ነበረብን። አክስቴ እንደ ብዙዎቹ የእሳቸው ዘመን ሴቶች የእጅ ቦርሳ ይያዙ እንጂ ቁም ነገራቸውን የሚያኖሩት በመቀነታቸው ነው። እጅን ወደ ላይ አንሥቶ የሚቆሙበት የሰውነት መቃኛ ማሽን ብረት ብቻ ሳይሆን በልብስ ሥር ያለውን ማንኛውንም ነገር ስለሚጠቁም፣ ስክሪኑ ላይ ባለው የሰው ምስል ወገብ ላይ ቢጫ ምልክት በራ። አንዲት ፈታሽ መጥታ በጓንት እጇ ዳሰሰቻቸው፤ መቀነቱ ተፈታ፤ ከውስጡ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ወጣች። ፈታሿ በቁራጭ ነጭ ጨርቅ ከረጢቷንና የአክስቴን መዳፍ ጠራርጋ ጨርቁን መመርመሪያው ውስጥ ከተተችው። መመርመሪያው የፈንጂ ርዝራዥ አላገኘም። እስከዚህ የተደረገው ሁሉ ተገቢ ነበር፤ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ምላሽ ባልጻፍኩም ነበር።

ከረጢቷ ግን ተከፈተች። በውስጧ አምስት ኤንቨሎፖች፣ የሟች ባለቤታቸው ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕልና አንድ የክሊኒክ ቀጠሮ ወረቀት ነበሩ። ፈታሿ የክሊኒኩን ወረቀት ዘርግታ አነበበችው። ቀጥላ ኤንቨሎፖቹ ላይ በአማርኛ የተጻፈው ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። አንዱ «ለእማሆይ የዓይን ሕክምና» ይላል፤ ሌላው «ለሰባት ዓመት ተዝካር»፤ ሦስተኛው ላይ የተጻፈው የአንድ ቤተሰብ ጭንቅ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም። አክስቴ «ገንዘቡ የማን ነው?» ተባሉ። «የእኔ አይደለም፤ አደራ ነው» ብለው መለሱ። እኔ እንጀራዬ አስተርጓሚነት ነው፤ ሆኖም አደራ የሚለውን ቃል በዚያች ደቂቃ በቅጡ ልተረጉመው አልቻልኩም። በእንግሊዝኛ የወጣልኝ «የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው፤ ለማድረስ ተቀብለው ነው» የሚል ነበር፤ ይህ ደግሞ በፈታሽ ጆሮ ሲገባ ገንዘብ አመላላሽ ነኝ ብሎ ከመናዘዝ ብዙም አይርቅም። የፈታሿ ፊት ተለወጠ፤ አለቃ ተጠራ። ገንዘቡ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ጠረጴዛ ላይ ተቆጥሮ 2,300 ዶላር ሆነ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ምንም ሳይጎድል ተመለሰላቸውና አለፍን። አክስቴ ጫማቸውን እያጠለቁ «ልጄ፣ የሰው አደራ አደባባይ ላይ ፈታሁት» አሉኝ።

አክስቴ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። የሚጠብቁት ግን ነበራቸው፤ እሱም የእሳቸው እንኳ አልነበረም፤ ለእሳቸው አምነው ችግራቸውን ኤንቨሎፕ ላይ የጻፉ የአምስት ቤተሰቦች ገመና ነበር። ጸሐፊው ያነሡት «የሚደብቀው የሌለው» የሚለው ክርክር የቦርሳው ባለቤት ብቻውን የሚኖር ሰው ይመስል በባለቤቱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ከቦርሳችን ውስጥ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር፣ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ፣ የልጅ የሕክምና ካርድ፣ የጥገኝነት ጠያቂ ወዳጅ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይወጣል፤ እነዚህን ሰዎች «ፈቅዳችኋል ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው «ግላዊነት የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከምርመራ፣ በግል ይዞታ ያለንም ንብረት ከመያዝ ይጠብቃል፤ መብቱ ሊገደብ የሚችለው በአስገዳጅ ሁኔታና በዝርዝር ሕግ ብቻ መሆኑንም ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ ምን ያህል ተከብሯል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሐሳቡ ባዕድ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ቲኬት መቁረጥ ፈቃድ መስጠት ነው የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉ የጠነከረ ይመስላልና ረጋ ብለን እንየው። በአሜሪካ መንገደኛ ሁሉ ከነእጅ ሻንጣው እንዲፈተሽ የተደረገው የአውሮፕላን ጠለፋ እጅግ ከበዛ በኋላ ከጃንዋሪ 5 ቀን 1973 ጀምሮ ነው። ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣና ያለ አንዳች ጥርጣሬ ሰውን ሁሉ መፈተሽ ለአገሪቱ ሕግ አዲስ ነገር ስለነበረ ጉዳዩ ወዲያው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በዚያው ዓመት በምዕራቡ ክፍል ያሉትን ግዛቶች የሚዳኘው የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ዴቪስ በሚል ስም በሚታወቀው መዝገብ ፍተሻውን ከነገደቡ ፈቀደ። ገደቡም በአጭሩ ፍተሻው በወቅቱ ካለው ቴክኖሎጂ አንጻር መሣሪያና ፈንጂ ለማግኘት ከሚያስፈልገው በላይ ሊሰፋም ሊጠልቅም አይገባም የሚል ነበር። ዛሬም ድረስ በየመዝገቡ የሚጠቀሰው ይህ መለኪያ ነው።

በዚያ ዘመን ፍርድ ቤቱ፣ መንገደኛው መብረር ካልፈለገ ትቶ መመለስ ይችላል የሚለውንም እንደ አንድ ምክንያት ቆጥሮት ነበር። ጸሐፊው ይህን ይዘው ቢሆን ኖሮ ጥቂት መሬት ባገኙ ነበር። ነገር ግን ይኸው ፍርድ ቤት በ2007 ከሆኖሉሉ በመጣ ጉዳይ ሐሳቡን አጠራ፤ ፍተሻው ከጀመረ በኋላ መንገደኛው «ይቅርብኝ፣ ልመለስ» ሊል አይችልም፤ ምክንያቱም የፍተሻው ሕጋዊነት በመንገደኛው ፈቃድ ላይ የቆመ አይደለም አለ። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ለመንግሥት የተፈረደ ነው፤ የጸሐፊውን ክርክር ከሥሩ የሚነቅለው ግን ይኸው ፍርድ ነው። ፍተሻው በፈቃድ ላይ የቆመ ቢሆን፣ ሰው የፈለገውን ያህል ሊፈቅድ ስለሚችል ዳር ድንበር አይኖረውም ነበር። በፈቃድ ላይ ካልቆመ ግን ያቆመው ነገር አስፈላጊነቱ ብቻ ነው፤ አስፈላጊነቱ ባለቀበት እሱም ያልቃል። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ሠራተኛ በር ይከፈትለታል፤ ቆጣሪውን አንብቦ ሲያበቃ ቁም ሣጥን እንዲከፍት ግን ማንም አይፈቅድለትም፤ «በሩን ከፍታችሁልኝ የለም ወይ?» ቢልም የሚሰማው የለም።

ጸሐፊው ለዚህ ነጥብ ማጠናከሪያ፣ ፖሊስ የሰውን ኪስ ቦርሳ እንዲያይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ50 ዓመት በፊት ፈቅዷል ይላሉ። እውነት ነው፤ የ1973ቱ ውሳኔ የተያዘን ሰው ኪስ መፈተሽን ይፈቅዳል። ቃሉን ልብ ይበሉልኝ፤ የተያዘን ሰው። አክስቴ ወደ ተዝካር ይሄዱ ነበር እንጂ አልተያዙም።

ወደ ምላጩና ወደ ሳሳው ፈንጂ ልለፍ። ስጋቱ ባዶ አይደለም፤ የባንክ ካርድ መስለው የሚታጠፉ ቢላዎች በገበያ እንደሚሸጡና በፍተሻ ጣቢያዎች እንደተያዙ ይታወቃል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቢላ የሚገኘው ቦርሳው በትሪ ላይ ተቀምጦ በኤክስሬይ ሲያልፍ ነው። ፈንጂም ቢሆን የሚታወቀው በዚያ ቁራጭ ነጭ ጨርቅና በመመርመሪያው ነው፤ መመርመሪያው በሌጣ ዓይን የማይታይ ርዝራዥ ያነሣል፣ የሰው ዓይን ግን ወረቀቱን አሥር ጊዜ ቢያነብ ይህን አያገኝም። የኤክስሬዩ ምስል አጠራጣሪ ከሆነ ቦርሳው ይከፈት፤ ኪሶቹ ይዳሰሱ፤ ወፍራም ነገር ካለ ይውጣ፤ መንገደኛው ከሕዝብ ፊት ገለል ባለ ክፍል፣ አብሮት የሚጓዝ ሰው ባለበት እንዲፈተሽ የመጠየቅ መብት ስላለውም በዚያ ይጠቀም። ይህ ሁሉ ሲደረግ አንዲት መስመር ማንበብ፣ አንዲት ብር መቁጠር አያስፈልግም። ምላጭ ፍለጋ የክሊኒክ ቀጠሮ የሚነበብበትን ምክንያት ጸሐፊው በጽሑፋቸው አላስረዱም፤ ማንም ሊያስረዳው የሚችል አይመስለኝም።

የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በዚህ ነጥብ ላይ መጠቀሱም አልገባኝም። በወቅቱ የነበረው ደንብ ስለቱ ከ4 ኢንች ያነሰ ቢላ ይዞ መግባትን አይከለክልም ነበር። የታየው ክፍተት ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይከለከላል የሚለው ደንብ እንጂ የመንገደኛ ደረሰኝ አለመነበቡ አልነበረም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ደርሻለሁ። ጸሐፊው «በዚያውም ወንጀለኛ ቢያዝ ምን ክፋት አለው? ንጹሕ ሰው ገንዘቡ የት እንደተገኘ ተናግሮ ያልፋል» ብለዋል። ይህ «በዚያውም» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል፤ ምን እንደሚያመጣ ግን በተግባር ታይቷል።

በማርች 2009 በሴንት ሉዊስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአንድ የፖለቲካ ድርጅት ሠራተኛ ከስብሰባ ሽያጭና መዋጮ የተሰበሰበ 4,700 ዶላር ያህል በብረት ሣጥን ይዞ ሲያልፍ ፈታሾች ወደ ክፍል ወስደው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ወጥረው ጠየቁት። ሰውየው አልሰደበም፣ አልታገለም፤ ደጋግሞ የጠየቀው «ይህን እንድመልስ በሕግ እገደዳለሁ ወይ?» የሚል ብቻ ነበር። ንግግሩን በስልኩ ቀድቶት ስለነበረ ነገሩ አደባባይ ወጣ፤ የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት ስለ እሱ ክስ መሠረተ። ቲኤስኤ ተብሎ የሚጠራው የፍተሻ መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት መመሪያውን አሻሻለ፤ ፍተሻው ከበረራ ደኅንነት ጋር የማይገናኝ ወንጀል ለማደን ሊውል እንደማይችል፣ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጓዝም በራሱ ሕገ ወጥ እንዳልሆነ ለሠራተኞቹ አስታወቀ። ኅብረቱ ክሱን የተወው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው የሚከላከሉለት አሠራር የፍተሻ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በጽሑፍ «አይቻልም» ያለው አሠራር ነው።

በዚያው ዓመት በኦሃዮ ግዛት አንድ የፌዴራል ዳኛ ከኮሎምበስ አውሮፕላን ማረፊያ የመጣ ጉዳይ ቀረበላቸው። ፈታሾች በአንድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ያገኟቸውን ኤንቨሎፖች ከፍተው ሐሰተኛ ፓስፖርቶች አውጥተዋል። ጸሐፊው «ትርፍ» የሚሉት ይህን ነው። ዳኛው ግን ፍተሻው ከደኅንነት ዓላማው አልፎ የወንጀል ማስረጃ ወደ መፈለግ ተሸጋግሯል በማለት ፓስፖርቶቹ በማስረጃነት እንዳይቀርቡ አደረጉ። ፓስፖርቶቹ ሐሰተኛ ስለመሆናቸው ክርክር አልነበረም፤ ፍርዱ የሚያመው ሰው እንደሚኖርም እገምታለሁ፤ እኔንም ትንሽ ያመኛል። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ የተገኘው ነገር የተገኘበትን መንገድ እንዲያጸድቅ ቢፈቅድ ኖሮ፣ ነገ ኤንቨሎፕ ሁሉ ይከፈታል፤ ከሚከፈቱት መካከልም ብዙዎቹ «ለእማሆይ የዓይን ሕክምና» የሚሉ ይሆናሉ። በሕጋዊ ፍተሻ መካከል ግልጽ የወንጀል ዕቃ ዓይን ላይ ቢወድቅ ፈታሹ ፖሊስ መጥራቱን አልቃወምም፤ የምቃወመው ዓይኑ እንዲወድቅበት ብሎ ኤንቨሎፕ መክፈቱን ነው።

«ንጹሕ ሰው ተናግሮ ያልፋል» ለሚለው ደግሞ በ2019 በፒትስበርግ የሆነውን ላስታውሳቸው። በሰባዎቹ መጨረሻ ዕድሜ ያሉ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ዕድሜ ልካቸውን ቤታቸው ያስቀመጡትን 82,373 ዶላር ለልጃቸው ሰጥተው፣ ልጅቱ ባንክ ልታስገባላቸው ይዛ ወደ ቦስተን ትሄድ ነበር። ጉዞው በአገር ውስጥ ስለሆነ ገንዘቡን የማስመዝገብ ግዴታ የለባትም። በፍተሻው ላይ ገንዘቡ ታየ፤ ወሬው ለፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደረሰ፤ አንድ ወኪል ጠይቋት፣ አባትዋንም በስልክ አነጋግሮ፣ መልሳቸው አልጣመኝም ብሎ ገንዘቡን ወሰደ። በአባትም በልጅም ላይ ክስ አልተመሠረተም። ገንዘቡ የተመለሰው መንግሥትን ከከሰሱ በኋላ በ2020 ነው፤ በእነዚያ ወራት አባትየው የጥርስ ሕክምናቸውንና የመኪናቸውን ጥገና ሲያዘገዩ ነበር። ተናግረዋል፤ ግን አላለፉም።

በኖቬምበር 2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ያወጡት ማስታወሻ ከዚህም የባሰ አሳይቷል። አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ በመጨረሻ ሰዓት ቲኬት የሚገዙ ሰዎችን ስም ለዚሁ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወኪሎች እየጠቆመ፣ ከሚወረሰው ገንዘብ ላይ ድርሻ ይከፈለው ነበር። ሚኒስቴሩም በየጣቢያው «በፈቃደኝነት» እየተባለ የሚደረገውን ይህን ፍተሻ አስቆመ። እናቱ አርፋ በማግስቱ ቲኬት የሚቆርጠው የእኛ ሰው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ገብቶ እንደሆነ ሳስብ ይቀፈኛል፤ ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜም ቲኬቱን የሚቆርጠው በመጨረሻ ሰዓት፣ የሚይዘውም ጥሬ ገንዘብ ነው።

ክፉ ፈታሽ ከብዙ አንድ ነው የሚለውን እቀበላለሁ። አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ፣ የሰው ቁጣ የሚቀበሉ ታታሪ ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል የእኛው ልጆችም አሉ። በኒውርክ ለዓመታት የመንገደኛ ዕቃ ሲሰርቅ ቆይቶ በ2008 የተያዘውን ፈታሽ የሁሉም ምሳሌ ማድረግ ግፍ ነው። እኔ የምናገረው ግን ስለ ፈታሹ ጠባይ አይደለም፤ አክስቴን የፈተሸችው ሴት ትሑት ነበረች፣ «ይቅርታ» እያለች ነው የክሊኒኩን ወረቀት ያነበበችው። በችኮላ የሚሠራበት ቦታ መሆኑም አይረሳ፤ በ2019 የበጀት ዓመት ብቻ መንገደኞች በየትሪው ረስተውት የሄዱት ሳንቲምና ገንዘብ ከ900,000 ዶላር በላይ ነበር። በዚህ ወከባ መካከል የቦርሳን ሆድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍ ለማን ደኅንነት እንደሚበጅ አላውቅም።

የኮሞሮሱን አደጋ መጥቀሳቸው ግን አሳዝኖኛል። ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የበረራ ቁጥር 961 አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ፣ በግራንድ ኮሞር ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175 ሰዎች 125ቱ አልቀዋል። ጠላፊዎቹ ፈንጂ ይዘናል ብለው ያስፈራሩበት ዕቃ የመጠጥ ጠርሙስ ነበር፤ በእጃቸው የያዙትን መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ያገኙት ከአውሮፕላኑ ውስጥ ነው። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጅ እንደማይበቃ ደጋግመው ቢነግሯቸውም የሚሰማ አላገኙም። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ታዲያ የሦስቱ ጠላፊዎች የኪስ ቦርሳ ተከፍቶ ቢነበብ ኖሮ ምን ይገኝ ነበር? በዲሴምበር 1972 በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ የተሞከረው ጠለፋ ደግሞ የተካሄደው በሽጉጥና በእጅ ቦምብ ነበር፤ ይህን የብረት መመርመሪያ ያገኘዋል። በፌብሩዋሪ 2014 ወደ ሮም ሲበር የነበረውን አውሮፕላን ወደ ጄኔቫ የወሰደው ረዳት አብራሪው ራሱ፣ ካፒቴኑ ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ነው። ሦስቱም የእኛ ታሪክ ናቸው፤ ሦስቱም ስለ ፍተሻ የሚያስተምሩት ብዙ ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ግን ኤንቨሎፕ ስለ መክፈት አይናገርም። ቦሌ ላይ ተርሚናሉ በር ላይና ወደ መሳፈሪያው ከመግባት በፊት ሁለት ጊዜ ስንፈተሽ፣ ጫማና ቀበቶ ስናወልቅ፣ እኔ በበኩሌ አንድም ቀን አላማረርኩም፤ የሚፈለገው ምን እንደሆነ ስለማውቅ።

ስለ 10,000 ዶላር ያሉትን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት፣ ከጽሑፋቸው ውስጥ አንባቢን በቀጥታ ሊጎዳ የሚችለው ስሕተት ይህ ስለሆነ ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ መጓዝ ወንጀል አይደለም። ከአሜሪካ ሲወጡም ሆነ ወደ አሜሪካ ሲገቡ ከዚህ በላይ ገንዘብ የያዘ ሰው ለጉምሩክ በቅጽ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀ ግን የያዘው መቶ ሺህም ቢሆን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ የሚቀረጥ ነገርም የለም። ወንጀል የሚሆነው አለማሳወቅ ነው። በአገር ውስጥ በረራ ደግሞ ይህ ቅጽ ራሱ የለም።

ጸሐፊው ሁለቱን ባለሥልጣናት አንድ ስላደረጓቸው ነው የተሳሳቱት። ሻንጣ የሚፈትሸው የቲኤስኤ ሠራተኛ ጉምሩክ አይደለም፤ ገንዘብ የመቁጠር ሥራም አልተሰጠውም። የጉምሩክ ኦፊሰር ግን በድንበር ላይ ሰፊ ሥልጣን አለው፤ ወደ አገር ቤት በሚበር አውሮፕላን መሳፈሪያ በር ላይ ቆሞ «ምን ያህል ይዘዋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ቦርሳ ከፍቶ ሲቆጥር ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። እናቶቻችን የሚጎዱት በዚህ ቦታ ነው፤ ብዙ ይዣለሁ ካልኩ ይወስዱብኛል ብለው ቀንሰው ይናገራሉ። አደራውንም የእኔ አይደለም ብለው ከቁጥሩ ያስቀሩታል፤ ቅጹ ግን የተያዘውን ሁሉ ይጠይቃል፣ የሌላ ሰው ገንዘብም ከሆነ ለዚያ የተለየ ቦታ አለው።

በጁን 1994 በሎስ አንጀለስ የሆነው ይኸው ነበር። ከሶርያ የመጣ አንድ አርመናዊ ስደተኛ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ ጣሊያን በሚበር አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ኦፊሰሮች የያዘውን ጠየቁት፤ እሱ 8,000፣ ባለቤቱ 7,000 ይዘናል አለ። ሲፈተሽ የተገኘው 357,144 ዶላር ነበር። ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ፣ ቆጵሮስ ላለ ሰው ዕዳ ለመክፈል የሚሄድ መሆኑን ፍርድ ቤቱ አረጋገጠ፤ ውሸቱም የመጣው በሶርያ አናሳ ሆኖ ሲያድግ በመንግሥት ላይ ካደረበት ፍርሃት መሆኑን ዳኛው ተረዱለት። መንግሥት ግን ሙሉ ገንዘቡ ይወረስ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1998 በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ሁሉንም መውረስ ከጥፋቱ ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ቅጣት ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ። ከ2001 በኋላ ደግሞ ከጉምሩክ ለመሸሸግ ሲባል ከ10,000 ዶላር በላይ መደበቅ ራሱን የቻለ ወንጀል ስለተደረገ፣ ዛሬ ተመሳሳይ ነገር የሚያደርግ ሰው በዚያ ፍርድ መጽናናት አይችልም። ያ ሰው ቅጹን በሩ ላይ ቆሞ ቢሞላው ኖሮ ግን ገንዘቡን እንደያዘ በዚያው አውሮፕላን ይሳፈር ነበር።